ከዕረፍቱ በኋላ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች። እማማ፣ የወለድሽው። እህቴ፣ ባለቤቱ፣ የኖርሽለት። ጎረቤቶቹ፣ በግድግዳ በኩል ያለ ትኬት የሰማችሁት። ከሙዚቃ ትምህርት ቤቱ የመጣችሁ መምህራን፣ ከባንዱ የመጣችሁ ሙዚቀኞች፣ ሥራ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ሁሉ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አቋቋማችሁን አይቻለሁ። ማንም ሳይከፍላችሁ ራሳችሁ ለሁለት ተከፈላችሁ። በራስጌው በኩል ሙሉ ልብስ የለበሳችሁት የትምህርት ቤቱ ሰዎች። በግርጌው በኩል ቆዳ ጃኬት የለበሳችሁት የባንዱ ሰዎች። መሃል ላይ እሱ። በሕይወት እያለ ያስቀመጣችሁት ቦታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ አዲስ ነገር የለም። መሞቱ ብቻ ነው አዲሱ።

እኔን ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ለእነዚያም ለእነዚህም ሸጫለሁ። የቫዮሊኑም የጊታሩም ክር የሚመጣልኝ በአንድ ካርቶን ነው ብዬ ብነግራችሁ ሁለታችሁም ደስ አይላችሁም።

ተናገር ያለችኝ ባለቤቱ ናት። "ጋሼ፣ ከእነሱ አንዱ ከተናገረ ግማሹን ነው የሚቀብሩልኝ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ንግግር አላውቅም። ግን የዋልኩትን የመጻፍ ልማድ አለኝ። ሞት ትዝታን እንደሚያሳምር ስለማውቅ፣ በጊዜው ከጻፍኩት በላይ አልጨምርም። ከዚያ በታችም አልቀንስም።

ሁለት ዛፍ እንለው ነበር። ከየት እንደመጣ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሱቄ የገባው በምሳ ሰዓት ነው። ጥግ ላይ አንድ ያገለገለ ፒያኖ ነበረኝ። የማይሸጥ፣ ቦታ የያዘ፣ አቧራ የጠገበ። አንድ ቀጭን ወጣት ገባ። ጃኬቱን አወለቀና አጥፎ አስቀመጠ። ተቀመጠ። መጀመሪያ የተጫወተው እንደ ተበጠረ ፀጉር የተስተካከለ፣ በሥርዓት የሚሄድ የጥንት ሙዚቃ ነበር። ቆየት ብሎ ግራ እጁ ሌላ ነገር ጀመረ። የሚንደረደር፣ የሚደልቅ ነገር። ቀኝ እጁ ግን የያዘውን አልለቀቀም። ግድግዳው ላይ የሰቀልኳቸው ጊታሮች በራሳቸው ማስተጋባት ጀመሩ።

በማግስቱም መጣ። በሳልስቱም።

"ገዢ ነህ ወይስ ጎብኚ?" አልኩት።

"እያሰብኩበት ነው፣ ጋሼ።"

"ስታስብ ድምፅ ታበዛለህ።"

"ዝም ብዬ ባስብ ኖሮ መቼ ያስቀምጡኝ ነበር?"

እውነቱን ነው። እሱ ሲጫወት መንገደኛው ይቆማል። የቆመ ሰው ይገባል። የገባ ሰው ቢያንስ የጊታር መምቻ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ርኅራኄ ነው እንዳትሉ። ጠቅሞኛል። እዚህ የቆምነውን ሁላችንንም ጠቅሞናል። ልዩነቱ፣ እኔ መጠቀሜን አውቃለሁ።

ለምን የእኔ ሱቅ መጣ? ከባንድ ጋር ይጫወታል ተብሎ ትምህርት ቤቱ የመለማመጃ ክፍሉን ቁልፍ ነጥቆታል። ባንዱ የሚለማመድበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ፒያኖ የለም። "ፒያኖ የቤት ዕቃ ነው፤ እንደ ቁም ሳጥን" ብለውታል። ከሁለቱም ተርፎ የእኔ አቧራ ላይ አረፈ።

መምህሩ እዚህ አሉ። ጋሼ መምህር፣ ፊትዎ ቆሜያለሁና ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። ቢሮዎ አስጠሩት። ጠረጴዛው ዙሪያ ሌሎች መምህራን ተቀምጠዋል። እርስዎም እንዲህ አሉት፤ "ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።"

እሱም "ጋሼ፣ እኔ መች ዛፍ ወጣሁ? የፒያኖ ፔዳል ነው የረገጥኩት። ፔዳሉ ደግሞ ሲሠራም ለሁለት እግር ነው" አለ።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ፀሐፊ ሳቀች። እሷ ባትስቅ ኖሮ ነገሩ በይቅርታ ያልፍ ነበር ይላሉ። ሳቀች፤ እሱም ተባረረ።

ከዚያ ወዴት ሄደ? ወደ ባንዱ ነዋ። ተባረርኩላችሁ ሊላቸው። ቢያንስ አንድ ሰው ትከሻውን ይመታልኛል ብሎ። ድራመሩ እዚህ ነው፣ እየሰማኝ ነው። አንተ ምን አልከው? "ታዲያ ሽማግሌው ምን ተሳሳቱ? አንዱ ዛፍ ላይ ውጣና እንይህ፤ ያውም የኛው ላይ!" ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዛፍ ሆነ።

ስድብ ሆኖ ተወለደ። ቀልድ ሆኖ አደገ። ፖስተር ላይ ሲታተም ማዕረግ መሰለ። እሱ ግን ከየት እንደመጣ አልረሳም። እኔም አልረሳሁም።

ባንዱ ውስጥ ኪቦርዱን የት ነበር የምታስቀምጡለት? ታስታውሳላችሁ? ታስታውሳላችሁ እንጂ። ከትልቁ ስፒከር ጀርባ። "ፕሮፌሰር፣ ፊትህ ሕዝቡን ያስተኛዋል" እያላችሁ። ሕዝቡ በእንባ አብሯችሁ የሚዘፍናቸውን ዜማዎች ማን ጻፋቸው? ካሴቱ ላይ ስሙ የት ነበር? ከኋላ፣ በደቃቁ፣ "ለትብብራቸው እናመሰግናለን" ከሚለው ሥር፤ ከሻይ ቤቱ ባለቤት ቀጥሎ።

እናንተስ፣ የተከበራችሁ መምህራን? ለጀማሪዎች የምታስተምሯቸውን የጣት ማለማመጃዎች ማን ጻፋቸው? ታስታውሳላችሁ? ታስታውሳላችሁ እንጂ። ካባረራችሁት በኋላ እያባዛችሁ አከፋፈላችኋቸው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ከላይ የትምህርት ቤቱ ማኅተም አለ። የሰው ስም የለበትም።

እሱ አኮረፈ? አላኮረፈም። ቢያኮርፍ ይሻለው ነበር። ኩርፊያ ቢያንስ ሰውን ቤቱ ያስቀምጠዋል። እሱ ሥራ ጀመረ። ፒያኖ፣ ኦርኬስትራና ባንድ አንድ ላይ የሚጫወቱት አንድ ትልቅ ሥራ። ጽፎ ጨርሶም ዝም አላለም። ከዚህ ቤት እዚያ ቤት፣ ከዚህ ቢሮ ያ ጋራዥ እየሄደ ለመነ። ለገዛ ሠርጉ ራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሰው እሱን ብቻ አይቻለሁ። በመጨረሻ እሺ አላችሁት። ሁለታችሁም ለእሱ ብላችሁ አልነበረም። አዳራሹ ትልቅ ስለሆነ ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ሁለት ክፍል ነው። በሁለቱ መሃል ረጅም ዝምታ ጽፎበታል። በሙዚቃ ቋንቋ ዕረፍት ይባላል። ማንም አይጫወትም፤ ግን የተጻፈ ነው፣ ይቆጠራል። "ይህን ያህል ዝምታ ለምን አስፈለገ? ደንበኛ ይሸሻል" አልኩት ሱቅ ውስጥ። ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሞተ ይባላል?" አለኝ።

አዳራሹ ሞላ። በቀኝ የእናንተ የትምህርት ቤቱ ሰዎች። በግራ የእናንተ የባንዱ ሰዎች። መድረኩም እንደዚያው። ባለቤቱ አጠገቡ ቆማ ወረቀቱን ትገልጥለታለች። የመጀመሪያው ክፍል ተጀመረ። ምን እንደነበር ልገልጽላችሁ አልሞክርም፤ ነበራችሁ። የቫዮሊኑ ወንበሮችና የድራሙ ወንበር በአንድ ልብ ሲተነፍሱ አይታችኋል። እኔ የማየው ዕቃዬን ነበር። የሸጥኩት ዕቃ ሁሉ አንድ ላይ ሲሠራ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ዕረፍቱ ደረሰ። እጁን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ሙዚቀኞቹ ወረቀት አላቸው፣ ያውቃሉ። ሕዝቡ ግን ወረቀት የለውም። አንዱ ወገን ደስ ሲለው ማጨብጨብ ነው የሚያውቀው። ሌላው ወገን መቼ እንደማይጨበጨብ ነው የተማረው። በግራ ያለው ሕዝብ ያለቀ መሰለው። ብድግ ብሎ አጨበጨበ፣ አፏጨ፣ ስሙን ጠራ።

"ሽሽሽ!" አለ ቀኙ።

"ምን ሽሽ ትለኛለህ? ድመት ነኝ?"

"አላለቀም እኮ! ገና ነው!"

"አባባ፣ እርስዎ እንቅልፍዎን ይጨርሱ!"

"መሃይም!"

ታስታውሳላችሁ? ታስታውሳላችሁ እንጂ። መድረኩ ላይስ? የመጀመሪያዋ ቫዮሊን ተጫዋች ወደ ድራመሩ ዞራ "ሰዎችህን ዝም አሰኝልን" አለችው። እሱም "የኔዎቹ ወደውት ነው የሚጮኹት። ያንቺዎቹ ምን ሆነው ነው የተቀመጡት፣ ለቅሶ መጥተው ነው?" አላት። ጋሼ መምህር ኦርኬስትራውን ይመሩ ነበር። የመምሪያ ዱላዎን ወደ ቦርሳዎ ከተቱ። ድራመሩ ዱላዎቹን ወረወረ። አንድ ወንበር ተገፋ፣ ሌላው ተከተለ። ተነሥታችሁ ወጣችሁ። በሁለት በር።

እሱስ? እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። አልተነሣም። እየቆጠረ ነበር። ዕረፍት ይቆጠራል ብያችኋለሁ። ባለቤቱ የወረቀቱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ቆማለች፣ ልትገልጥ። የአዳራሹ ጠባቂ መጣ።

"ጌታዬ፣ አለቀ? መብራቱን ላጥፋው?"

"አይ ወንድሜ፣ ገና አልጀመርንም" አለው።

ሰውዬው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። መብራቱን አጠፋው።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ጠዋት ጋዜጣ አንብቤያለሁ። "የዕውቁ ሙዚቀኛ ዕረፍት" ይላል። አንድ ቃል ነው። ያን ቀን ዕረፍት ሲላችሁ አለቀ አላችሁት። ሥር ደግሞ "የክላሲካልና የሮክ ሙዚቃ ድልድይ" ብሎታል። ይህን ቃል ከሁለታችሁም አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬም እዚሁ በር ላይ ሰምቼዋለሁ። ድልድይ! ድልድይን ማን አቅፎ ያውቃል? ይረገጣል፣ ይታለፋል። ሲሰበር ብቻ ነው እንደነበረ የሚታወቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን በምን ጨረሰው? "አንዴ ይደገም" በማለት። ትምህርት ቤቱ "መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁ" አለ። ባንዱ "ማጨብጨብ ከመቼ ጀምሮ ነው ወንጀል?" አለ። በሁለት ይቅርታ መሃል አረጀ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ እኔን ቀድሞ ሸበተ።

እስከዚያው ሆቴል ውስጥ ተጫወተ። ሰዎች ሾርባቸውን እየጠጡ። እኔ ባለሁበት አስተናጋጁ መጥቶ በጆሮው "ጌታዬ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉልን፤ እዚያ ጋ ያሉት እንግዳ ስልክ ላይ ናቸው" አለው። ቀስ አለ። ከእናንተ እዚያ ሆቴል ራት ያልበላ ማን አለ? የመምህራኑ ወገን "ያቺን የጥንቷን" ብላችሁ ወረቀት ትልካላችሁ። የባንዱ ወገን "ያቺን የኛን" ትሉታላችሁ። ሁለቱንም ይጫወትላችኋል። "አንተ ያንን ሥራህን የምታሰማን መቼ ነው?" ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው ካለ እጁን ያንሣ። እጃችሁን አታንሡ። እኔ የማውቀውን ነው የጠየቅኳችሁ።

ሆስፒታል ሲገባ ሁለታችሁም መጣችሁ። ይህን አልክድም። ድራመሩ ብርቱካን ይዞ መጣ። በሩ ላይ የመምህሩን ባርኔጣ ተሰቅሎ ሲያይ ብርቱካኑን ለነርሷ ሰጥቶ ተመለሰ። መምህሩ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ነርሷ ብርቱካኑን አስገባች። "ማን ነው ያመጣው?" አሉ። ነገረቻቸው። የተላጠውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩት። እኔ ከሰዓት ስገባ ሳህኑ እንዳለ ነበር። እሱ በአንድ ጎኑ ተኝቶ፣ ትንፋሹ እያጠረው፣ ይስቃል።

"ምን ያስቅሃል?"

"ጋሼ፣ ብርቱካኑም ወገን አለው።"

በሱ ሳቅ እኔም ሳቅኩ።

ከትናንት በስቲያስ? ከትናንት በስቲያ እሱ ቤት ነበርን። ሬሳው ገና አልወጣም። ሳሎኑ ውስጥ፣ ፒያኖው ተከድኖ፣ ሰው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጦ። ጋሼ መምህር ጉሮሮዎን ጠረጉና "የመጀመሪያውን ክፍል በክብር እናቀርብለታለን። ድራሙ ይወጣና ለኀዘን የሚስማማ ይሆናል" አሉ። ድራመሩ ከመስኮቱ ሥር "እንግዲያው ሁለተኛውን ለኛ ስጡን። ቫዮሊኑን እናወጣለታለን፣ ቀለል ይላል፣ ሕዝብ ይጨፍርበታል" አለ። ደግሞ አታምኑኝም፣ ሁለታችሁም በዚህ ተስማማችሁ! ጭንቅላታችሁን ነቀነቃችሁ። በዕድሜያችሁ የተስማማችሁበት ነገር ይኸው አንዱ ነው።

ባለቤቱ ከማድ ቤት ወጣች። እጇ እንደረጠበ።

"ራሱን እነዚህ፣ እግሩን እነዚያ ልትወስዱ ነው?" አለች። "ለመሆኑ ሁለተኛውን ክፍል ከእናንተ ማን ሙሉውን ሰምቶት ነው የሚካፈለው? እኔ ነኝ የሰማሁት። ያውም በአንድ ፒያኖ፣ ከማድ ቤት ሆኜ፣ በግድግዳ። ቫዮሊኑ የሚገባበት ጋ ሲደርስ በአፉ ያንጎራጉረዋል። ድራሙ የሚገባበት ጋ ሲደርስ ወለሉን በእግሩ ይመታዋል። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንዴ፣ እሱ እንደጻፈው፣ በሰው እጅ ልስማው።"

ቡድን ቡድናችሁን ይዛችሁ ወጣችሁ።

እንግዲህ የመጣሁበትን ልጨርስ። ቃሉ የእሷ ነው፣ እኔ አድራሽ ነኝ። ወረቀቱ አይቆረጥም። ለማንም ግማሽ አይሰጥም። ወይ ሁላችሁም ሙሉውን፣ ወይ ማንም ምንም። የሷ ውሳኔ ይህ ነው፤ ሽማግሌ አትላኩባት።

ዛሬ መልስ አልጠይቃችሁም። በመቃብር አፍ ላይ ቃል የማይገባ ሰው የለም፤ ወደ ቤት ሲመለስ ጫማው ላይ ካለው አፈር ጋር ያራግፈዋል። ስለዚህ እኔ ቃል አልፈልግም። ዕቃ የማውቅ ሰው ነኝ፣ ዕቃውን ልንገራችሁ። ከሱቄ ጀርባ ያለውን መጋዘን ባዶ አድርጌዋለሁ። ፒያኖው ገብቷል፣ ተቃኝቷል። የመብራቱ መስመር አምፕሊፋየሩን ይችላል፣ በኤሌክትሪሻን አስፈትሼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት በሩ ይከፈታል። ወንበሮቹን ቀላቅዬ ነው የደረደርኩት፤ ቫዮሊን፣ ጊታር፣ ቫዮሊን፣ ጊታር። የማይመቸው ይቁም። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ ውጭ ጠይቆ ይግባ፤ ውስጥ ሥራ አለ።

ፒያኖውን ማን ይጫወተዋል ትሉኛላችሁ። ጋሼ መምህር፣ ትምህርት ቤትዎ ውስጥ ከባንድ ጋር ተደብቀው የሚጫወቱ ተማሪዎች ሞልተዋል። አውቃለሁ፤ ዕቃ የምሸጥላቸው እኔ ነኝ። ከነሱ አንዷ ሥራውን ከሱ ጋር ተቀምጣ አጥንታዋለች። ስሟን አልነግርዎትም። ያባርሯታል። ሰኞ ይምጡና ፊቷን ይዩ።

አሁን ወደ አንተ ልዙር።

ወንድሜ፣ ተራው የእኔ ነበር። ቀደምከኝ። ባለቤትህን አደራ አትበለኝ፤ ሳትለኝ ይዣታለሁ። እናትህን ጎረቤቶችህ አይተዉአትም። ስለነዚህ ግን ምን ልበልህ? ይመጣሉ ብዬ አልዋሽህም። አውቃቸዋለሁ። ከእኔ በላይ አንተ ታውቃቸዋለህ፣ አውቀህም ወደድካቸው። ያን እኔ አልችልበትም።

ሰኞ ጠዋት በሩን እከፍተዋለሁ። ባለቤትህ ከፊት ትቀመጣለች። ከመጡ ትሰማለች። ካልመጡ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያየች ማን እንዳልመጣ ታውቃለች፤ ያኔ የሞትክበት በሽታ ስም ይኖረዋል።

አንተ ሥራህን ጨርሰሃል። ያልጨረስነው እኛ ነን። እንግዲህ ሂድ ወንድሜ። ደህና ሁን።